አራተኛው ካሴት

በአባቴ ሱቅ ሁለት መደርደሪያ ነበር። ከላይ ያለው ካሴት አይነካም፤ የሰው ድምፅ አለበት። ከታች ያለው ጸድቷል፣ ባዶ ነው፤ የፈለገ መጥቶ አዲስ ነገር ይቀዳበታል። ይህን ሕግ የተማርኩት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። ደንበኛ ሲመጣ አባቴ «እስቲ የትኛው ነው የሚነካው?» ይለኛል፤ እኔ በጣቴ ወደ ታች አሳያለሁ፤ ይስቃሉ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ከእኔ በላይ ሕግ የሚያከብር ሰው አልነበረም። የሆነውም ሁሉ የሆነው ሕግ ስላከበርኩ ነው።

ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነበር። አባቴ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል፤ ዋናው ሥራው ግን የሰው ድምፅ መቅዳት ነው። መጻፍ የማይችል ወይም መጻፍ የማይበቃው ሰው ይመጣል፤ ከማይክሮፎኑ ፊት ለፊት ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሩቅ ላለ ልጁ፣ ለወንድሙ፣ ለእጮኛው ይናገራል። አባቴ ትልቁን ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥቁሩን ቁልፍ በጣቱ ጫፍ ትንሽ ወደ ግራ ትንሽ ወደ ቀኝ እያለ ያዳምጣል። ሊቀዱ ሲሉ ከንፈራቸውን የሚቀቡ ሴቶች ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሁልጊዜ ይጮኹ ነበር።

«አባት፣ ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ይሰማል» ይላቸዋል አባቴ።

«ልጄ እኮ ያለው ሩቅ ነው።»

«ማሽኑ ያደርስልዎታል።»

«አንተ ማሽኑን ታውቀዋለህ፤ እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ» ይሉና ጩኸታቸውን ይቀጥላሉ።

ተሰምተው ተሰምተው ባለቤቶቻቸው የጠገቧቸው ካሴቶች ወደ ሱቁ ይመለሳሉ፤ አባቴ ያጸዳቸዋል። ለዚህ የሚሆን አንድ የብረት ሣጥን ነበረው፤ ከዳቦ አይበልጥም፣ ቀይ ቁልፍ አለው። ስሙ «ማጽጃው» ነበር። ቁልፉ ሲጫን የሚያወጣው ድምፅ ከጆሮ ይልቅ ጥርስ ውስጥ ይሰማል። አባቴ መጀመሪያ ካሴቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሩ ይልጣል። ቀጥሎ ካሴቱን ማጽጃው ላይ አድርጎ ሦስት ጊዜ ያዞረዋል። ከዚያ ቁልፉን ሳይለቅ፣ ክንዱ እስኪዘረጋ ድረስ ካሴቱን ቀስ እያለ ያርቀዋል። ቶሎ ከተለቀቀ ካሴቱ ላይ ጠባሳ፣ ሲከፈት ጧ የሚል ድምፅ፣ ይተዋል ይል ነበር። ሲጨርስ ከታች ያሰልፈዋል። ይህን ቁጭ ብዬ ማየት ከምንም በላይ እወድ ነበር፤ መንካት ግን ክልክል ነው።

እናቴ ስልክ ቤት መስመር አገናኝ ነበረች። በዚያ ዘመን የደወለ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ነው። ፊቷን የማያውቅ ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ከጓሮ ስትናገር ሲሰማት ይደነግጥና «ይቺ የስልኳ ሴትዮ አይደለችም እንዴ?» ይላል።

«ናት። እዚህ ቤት ግን መስመሩ ሁልጊዜ የተያዘ ነው» ይላል አባቴ።

እኔን፣ ወሬ ስለማበዛ፣ ቃጭሌ ትለኝ ነበር።

ከዚያ ድምፅዋ መሻከር ጀመረ። ጉንፋን ነው ተባለ። እሷም ትቀልድበት ነበር፤ አንዱ ደዋይ «እባክህ ወንድሜ፣ ሴትዮዋን አቅርብልኝ» አለኝ ብላ፣ ሰውዬውን እያስመሰለች ታስቀን ነበር። ወር ሲያልፍ መሥሪያ ቤቷ እረፍት ሰጣት። ሁለት ወር ሲሆን ቀልዱም ቆመ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የእናቴ ታላቅ እህት ሻንጣ ይዛ መጣች። እኔ የሱቁ ጠረጴዛ ሥር በሽቦ ቁርጥራጭ እጫወታለሁ። አዋቂዎች ጠረጴዛ ሥር ያለ ልጅ የማይሰማ ይመስላቸዋል።

«ምን አሉ ሐኪሞቹ?» አለች አክስቴ።

«ከሥሩ እናወጣዋለን ነው የሚሉት፣ እትዬ።»

«ድምፅዋስ?»

አባቴ የሆነ ነገር በመፍቻ እያጠበቀ ነበር፤ መፍቻው ቆመ። «ድምፅዋ ይሄዳል።»

«ይቺስ ልጅ?»

«ለእሷ ብለን ከሰኞ ጀምሮ በካሴት እናስቀራለን። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ስታድግ ትሰማዋለች።»

ዛሬ ይህን ንግግር ማንም ይረዳዋል። ጉሮሮዋ ውስጥ እጢ ነበር፤ በኦፕራሲዮን ሊያወጡት ነው፤ ከዚያ በፊት ለልጇ የምትለውን ትበል ነው። እኔ ግን ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የተረዳሁት በሌላ መንገድ ነው። የእናቴን ድምፅ ከሥሩ ሊያወጡት ነው፤ ሰኞ ይጀምራሉ፤ ያወጡትን ካሴት ውስጥ ይከቱታል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደግሞ በእኔ ምክንያት ነው።

ሰኞ እናቴ ነጠላ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ወደ ሱቁ ገባችና ከማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች። አባቴ በሩን ዘጋ። ከውጭ የሚሰማኝ ቧንቧ ውስጥ እንደሚሄድ ውሃ ያለ ነው፤ ቃል አይለይም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ስትወጣ ግንባሯ አልቦት ነበር። ልታናግረኝ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን የወረቀት መቀደድ የመሰለ ነገር ነው። ጉሮሮዋን በጣቷ አሳየችኝና ፈገግ አለች። ከኋላዋ አባቴ ካሴቱን በሁለት እጁ ይዞት ወጣ፤ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው። ወረቀት ለጠፈበት፤ ጻፈበት፤ አንድ ቁጥር። ያኔ ማንበብ የምችለው ቁጥር ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ሁለት። ረቡዕ ሦስት። የታመመ ጉሮሮ ግማሽ ሰዓት ሲናገር እንደሚቆስል አላውቅም። የማየው መደርደሪያውን ነው፤ እዚያ በጨመረ ቁጥር እዚህ ይጎድላል።

ሐሙስ አባቴን ጭምር አስወጣችው።

«ይህቺን ብቻዬን ነው» አለችው በሹክሹክታ። «የሚጫነውን አሳየኝና ውጣልኝ።»

አሳያትና ወጣ። በሩን ዘግቶ ደረጃው ላይ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ። እጆቹ ሥራ ፈትተው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጉልበቱ ላይ የሰው ዕቃ መስለው ተጋድመዋል።

«አባዬ።»

«እ።»

«ካሴት ስታጸዳ፣ ድምፁ የት ይሄዳል?»

ወደ መንገዱ እያየ ነበር። «ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ ቃጭሌ።»

እኔም ዛሬ ልጄ «አውሮፕላን ይወድቃል?» ስትለኝ «አይወድቅም» እላታለሁ፣ በሆዴ የወደቁትን እየቆጠርኩ። አባቴ ያን ዕለት ያሰበበትን አልነገረኝም፤ አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው። ስለ ማሽን ግን ተሳስቶ አያውቅም። ሬዲዮ ውስጥ ሰው የለም ሲለኝ አምኛለሁ። ይህንንም አመንኩ።

ያን ቀን እናቴ ስትወጣ ምንም ድምፅ አልነበራትም። የምትፈልገውን በወረቀት ጀርባ እየጻፈች ለአክስቴ ትሰጣለች። አባቴ አራተኛውን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠና፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ስላልቻለ ይመስለኛል፣ እስኪመሽ ድረስ የደንበኛ ካሴት ሲያጸዳ ዋለ። ሠላሳ ያህል አጸዳ። ማጽጃው ግሎ የብረት ሽታው ጓሮ ድረስ ይመጣ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አባቴና እናቴ ለሕክምና ወጡ። አክስቴ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ወደ ሱቁ ገባሁ፤ በርጩማ ላይ ቆሜ አራቱን አወረድኳቸው።

ሕጉን በሙሉ ጠበቅኩ። ወረቀቶቹን በጥፍሬ ላጥኩ፤ የሦስተኛው አልለቅ ብሎኝ በምራቄ አራስኩት። ቁልፉን ስጫን ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ሦስት ጊዜ አዞርኩ፤ ቁልፉን ሳልለቅ ክንዴን እስከ መጨረሻው ዘረጋሁ፤ ክንዴ አጭር ስለነበረ በርጩማው ላይ ወደ ኋላ ተለጠጥኩ፣ ልወድቅ ደርሼ ነበር። አራቱንም እንደዚያ። በእያንዳንዱ ላይ «ሂድ፣ ወደ እማዬ» አልኩ። ከዚያ የጸዳ ካሴት የት እንደሚቀመጥ ስለማውቅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሌሎቹ መሀል፣ ጀርባቸውን አስተካክዬ አሰለፍኳቸው። ወረቀቶቹን አድበልብዬ የጓሮው ፍሳሽ ውስጥ ጨመርኳቸው። አክስቴ «እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ።

ከቀትር በኋላ የውጭው በር ተከፈተ።

«ቃጭሌ» አለች እናቴ።

ጥርት ያለ አልነበረም፤ ግን ድምፅ ነበር፤ የእሷ ነበር። ሮጬ ቀሚሷ ውስጥ ገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ስዳርም፣ ስወልድም። ሠራ፤ እውነትም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

መርፌ ወግተዋት ነበር። ለጉዞ እንዲረዳት የጉሮሮዋን እብጠት ለሁለት ለሦስት ቀን የሚያስታግስ መርፌ፤ ከዚያ በላይ እንደማይቆይ ሐኪሙ ለአባቴ ነግሮታል። ይህን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ስታወራ ዋለች። እሑድም። አባቴ ቴፑን ከሱቅ ተሸክሞ ሳሎን አመጣው።

«ዛሬ እኮ ጥሩ ነሽ። ትንሽ እንቅዳ።»

የማይክሮፎኑን ገመድ ይዤ ደረቴ ላይ አጣበቅሁት። «አይሆንም» አልኩ። «እንዳትሰጪው።»

እናቴ ሳቀች። «ይኸው፣ እሷም አልፈቀደችም። አራት ካሴት ሞልቼልሃለሁ፤ ምን ቀረኝ? ያለ ብረትህ ከልጄ ጋር ላውራበት።»

አባቴ ቴፑን መልሶ ወሰደው።

በእነዚያ ሁለት ቀናት የነገረችኝን ብትጠይቁኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አላስታውስም። ብዙ ነገር ነግራኛለች፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣኝ፣ ጸጉሬን እየነካካች። እኔ ግን አንገቷን እያየሁ ነበር፤ ድምፁ ተመልሶ እንዳይወጣ እየጠበቅኩ። የምትለውን አልሰማሁም።

ሰኞ ትልቁ ሐኪም ቤት ወዳለበት ሄዱ። ሐሙስ አባቴ ብቻውን መጣ። ከኦፕራሲዮኑ አልነቃችም።

እኔ ሁሉም ሰው ሲያለቅስ አለቀስኩ፤ ውስጤ ግን አንድ የማጽናኛ ነገር ነበረኝ፤ ለማንም ያልነገርኩት። ድምፅዋን ይዛ ነው የሄደችው እል ነበር። የትም ብትሆን ትጠራኛለች።

ቀብሩ አልፎ ዘመድ ሲቀንስ አክስቴ አባቴን «እስቲ ድምፅዋን አሰማን፤ የአንዷን ካሴት ግማሽም ቢሆን» አለችው። አባቴ ወደ ሱቁ ሄደና ቀረ። ተከትዬ ስሄድ ላይኛው መደርደሪያ ወለሉ ላይ ተዘርግፎ ነበር። እሱ ማዳመጫውን አድርጎ፣ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ካሴት አንሥቶ ቴፑ ውስጥ ይከታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ያዞራል፤ በሌላኛው ፊት ይሰማል፤ ያወጣል፤ ሌላ ያነሣል። ስልሳ ያህል ባዶ ካሴት ነበር። ሦስት ቀን ፈጀበት። ከባዶ ካሴት የሚሰማው ሽውታ ብቻ ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ ማዳመጫውን አድርጎልኝ አውቀዋለሁ።

ምንም ሳይተርፍ መመለሱን እያጣራልኝ መሰለኝ። ሄጄ ጉልበቱን ያዝኩ።

«የለም አይደል?» አልኩት።

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አነሣ። «ምን አልሽ?»

«ድምፅዋ። የለም አይደል?»

«የለም» አለኝ።

ፈገግ አልኩለት። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን ፈገግ አልኩለት።

አክስቴ የሆነውን ስታውቅ ሱቁ በር ላይ ቆማ ተናገረችው። «የአገር ሰው ሁሉ ድምፅ መደርደሪያህ ላይ ተሰልፏል። የእህቴን ብቻ ለይተህ አጠፋህ?»

«ደክሞኝ ነበር፣ እትዬ። ሐሙስ ዕለት ብዙ ካሴት አጽድቻለሁ። እጄ ወደ ላይ ሄዶ ይሆናል። ምን እንደነካሁ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ የነካኸውን» አለች፤ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ከእናቴ ዘመዶች ከዚያ በኋላ በራችንን የረገጠ የለም።

አባቴ ሱቁን ዘጋ። የሰዎቹን ካሴቶች ለየባለቤቱ መለሰ፤ ማሽኖቹን ለማን እንደሰጣቸው አላውቅም። ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አስረካቢ ሆነ። ቤታችን ሬዲዮ አልነበረም። ጎረቤት ዘፈን ከፍ ሲያደርግ መስኮቱን ይዘጋል። እኔም ሳላውቀው ወሬ ቀነስኩ፤ ቃጭሌ የሚለኝም ጠፋ።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የፊዚክስ አስተማሪያችን ማግኔት ሲያስተምረን ካሴት ይዞ መጣ። ዘፈኑን አሰማን፤ ማግኔት አሻሸበት፤ መልሶ ከፈተው። ሽውታ። «የት ሄደ?» አለ እየሳቀ። «የትም አልሄደም። ጠፋ።» እጄን ሳላወጣ ተነሥቼ ከክፍል ወጣሁ።

ያን ቀን ልነግረው ወስኜ ቤት ገባሁ። አባቴ ወጥ ቤት ድንች ይልጣል። ቀና ብሎ «መጣሽ?» አለኝ፤ ብነግረው ልቡ ቢቆምስ ብዬ አሰብኩ። እኔ እንደዚህ ነኝ። ልጄ አምስት ደቂቃ ስትዘገይ የአምቡላንስ ድምፅ ይሰማኛል። ፈተና ይለፍ አልኩ፤ አለፈ። አሥራ ሁለተኛን ልጨርስ አልኩ፤ ጨረስኩ። ላግባ፣ ልውለድ፣ የደም ግፊቱ ይውረድ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚህ ያልፋል።

ባለፈው ዓመት ድምፄ ሻከረ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ሐኪም ናሙና ወስዶ አሥር ቀን ጠብቂ አለኝ። ለልጄ ስልኬ ላይ መቅዳት ጀመርኩ፤ ባሏን እንዴት እንደምትመርጥ፣ የቱ መድኃኒት እንደማይስማማት፣ ጋዙን ሁለት ጊዜ እንድታረጋግጥ። ባለቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ ሳወራ አገኘኝ።

«ከማን ጋር ነው?»

«ከማንም።»

«ጨጓራ ነው ብዬሽ የለ? አንቺ እኮ ለንፍጥም ኑዛዜ ትጽፊያለሽ።»

ጨጓራ ነበር፤ ወደ ላይ የሚመለሰው አሲድ ነው ድምፄን ያሻከረው። ውጤቱን ይዤ ከክሊኒኩ ስወጣ ስልኬን አየሁት፤ አርባ አንድ ቅጂ። አባቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። እኔ የምነግረው ሰው ሳይኖር ልቀር ነው አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ቤት ሄድኩ። በመስኮቱ ብረት ላይ በሰቀላት ትንሽ መስተዋት ጢሙን ይላጫል። ፊቱን ስለማያዞር ይሻላል አልኩና ከጀርባው ቆሜ ጀመርኩ፤ አራቱን ካሴቶች ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ ዓርብ ጠዋት፤ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል ስላልከኝ። ሳላቋርጥ ጨረስኩ። ምላጩ ጉንጩ ላይ ቆሟል።

«ወረቀቶቹስ?» አለ።

«ልጬ ፍሳሽ ውስጥ ጣልኳቸው።»

«ወረቀቶቹን ስንት ቀን ፈለግኋቸው።»  አረፋው ደረቀ። «ክንድሽን ዘርግተሽ ነው ያራቅሽው?»

«አዎ።»

«አንዱም ካሴት ጠባሳ አልነበረውም። ለዚያ ነው እኔ ነኝ ያልኩት። እንደዚያ የሚያጸዳ ሌላ ሰው አልነበረማ።»

ፊቱን ታጠበ፤ ግማሹ ሳይላጭ። «ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ።

ሦስት ሳምንት ስልክ አላነሣም። ጎረቤቱን በየቀኑ እየደወልኩ አስቸገርኳት። «አለ፣ እህቴ፤ ጠዋትም ዳቦ ሲገዛ አይቼዋለሁ» ትለኛለች። አንድ ቀን ደግሞ «ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። 

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ስምንት ዓመት የሆናት ልጄ ከፈተችለት። ሳሎን ተቀመጠ፤ ውሃ ሳቀርብለት አልተቀበለኝም።

«አክስትሽ ፊቴን ሳታይ ሞተች» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ልቀብራት ሄጄ ከበር መለሱኝ። ሰው የሚስቱን ድምፅ በገዛ እጁ አጥፍቶ እንዴት ያድራል እያልኩ ነው የኖርኩት። ስታድጊ የጠፋ ድምፅ እንደማይመለስ አወቅሽ አይደል? ትልቅ ሰው ሆነሽ አወቅሽ።»

«ዘጠነኛ ክፍል።»

«ዘጠነኛ ክፍል» አለ፤ በጣቶቹ ዓመታቱን የሚቆጥር መሰለ። ልጄ በሁለታችን መሀል ቆማ ታየናለች። አባቴ እሷን ሲያይ ድምፁ ዝቅ አለ። «ማዳመጫው እኮ ጆሮዬ ላይ ነበር። ሦስቱን ቃል በቃል አውቃቸዋለሁ።»

ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ያጠፋው ሰው በምን አፉ ይናገራል?»

ከዚያ ነገረኝ። እንደ ሥራ ነው የነገረኝ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ወደ ግራ ትንሽ ወደ ቀኝ እያለ። የመጀመሪያው ስለ ቤት ነበር። «አባትሽ ሲያበጥርሽ ጸጉርሽን ይነጭሻል፤ ታገሺው፤ የለመደው ሽቦ ነው።» ልጄ ሳቀች። ሁለተኛው ላይ አባቴ መሬት መሬት አየ። የሴት ነገር ነበር። «እኔ ፊት እንዴት ይህን ትናገሪያለሽ?» ቢላት፣ «ታዲያ አንተ ልትነግራት ነው ወይ?» አለችው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አልጋዬ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥጥ ያገኘሁት ትዝ አለኝ፤ ጎረቤት ያስቀመጠችልኝ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው ስለ ትምህርት ነው፤ መሀል ላይ ወደ እሱ ዞራ የተናገረችው፤ አሥራ ሁለተኛን ሳትጨርስ እንዳትድራት፤ እና ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ የሚያስፈራት ነገር ካለ ጠይቃት።

ጠይቆኛል። አሥር ዓመት ሙሉ፣ መብራት ስናበራ፣ «ዛሬ የሚያስፈራሽ ነገር አለ?» ይለኝ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ከገባሁ በኋላ እንደ ምርመራ ነበር የምቆጥረው፤ የጠረጠረኝ ይመስለኝ ነበር። «የለም» እለዋለሁ። ካሴቱን በየቀኑ እያጫወተልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ስልኬን አውጥቼ ልቀዳ አልኩ። «ተይው» አለኝ። «ልጅቷ እየሰማች ነው።»

«አራተኛውስ?» አልኩት።

«አራተኛውንማ አስወጥታኝ የለ። ደረጃው ላይ አልነበርንም?»

«ምንም አልሰማህም?»

«ቃል አልሰማሁም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላላ። «ስትስቅ ግን ሰምቻለሁ። ያን ያህል ታማ፣ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቅ ነበር። ምን ብትነግራት ነው እንዲህ የምትስቀው እያልኩ፣ የጠየቅሽኝን እንኳ በቅጡ አልሰማሁም። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያቆየኝ እሱ ነው። ምንም ቢሆን የመጨረሻውን እየሳቀች ነው የተናገረችው።»

ያን ሐሙስ እኔ ከእሱ ይልቅ ለበሩ ቅርብ ነበርኩ። ጀርባዬን ሳንቃው ላይ አስደግፌ ነበር፤ ከወዲያ የሚመጣው ድምፅ አከርካሪዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ስትስቅ የሰማኋት ልጅ ነኝ። ያ ድምፅ ሳቅ አልነበረም። ለመሸሽ ነው አባቴን ስለ ማሽን የጠየቅሁት።

«አያቴ ሳቂታ ነበረች?» አለች ልጄ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ግማሽ ፊቱ ላይ ጢሙ ከሌላው ረዝሞ በቅሏል። የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አዎ» አልኩ። «እኔም ሰምቻታለሁ። ስትስቅ ነበር።»